ላፕቶፑ ሲያዘግም ፎቶ አትሰርዙ

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ወልድያና ሀብሩ ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ቤቴ ተቀምጬ የልጅ ልጆቼን ፎቶ እያየሁ የምውል አያት ሆኛለሁ። ስለ ኮምፒውተር የምጽፈው ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። በገዛ እጄ የቤተሰቤን ፎቶ ልጨርሰው ስል ለጥቂት ስለተረፍኩ ነው። የኔ ስህተት በሌላ ወላጅ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህችን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ለበዓል ስትመጣ የምትሠራበትን የቀድሞ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች። ከየዘመዱ የተሰበሰበውን ፎቶ ሁሉ አስገባችበትና «እማዬ፣ እዚህ ያስቀመጥሽው እኔም ጋ ይደርሳል፤ እኔ ያስገባሁት ደግሞ አንቺ ጋ ይመጣል» አለችኝ። እውነትም የሕፃኑን የመጀመሪያ እርምጃ በቪዲዮ ያየሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ወራት በደህና አለፉ። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ላፕቶፑ አፕዴት እያደረገ መሆኑንና እንዳላጠፋው ነገረኝ። ተውኩት። በማግሥቱ ስከፍተው ሌላ ፍጥረት ሆኖ ጠበቀኝ። ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አቦሉን እስክቀዳ ድረስ አንድ ፎቶ አይከፍትም። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጠው ያቃጥላል።

የሰፈራችን አንድ ልጅ አየልኝና «ሲስተር፣ ሞልቶብዎት ነው። ይቀንሱለት። ካልሆነም ፎርማት እናድርገው» አለኝ። ፎርማት የሚለውን ፈርቼ መቀነሱን መረጥኩ። ድግግሞሽ የመሰለኝን፣ የደበዘዘውን፣ የቆየውን እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ስሰርዝ ዋልኩ። ማታ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«እማዬ፣ የአባዬ ፎቶዎች የት ገቡ? እኔ ጋም የሉም እኮ!»

እነዚያ ፎቶዎች ለኛ ምን እንደሆኑ የወልድያ ሰው ይረዳኛል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ብዙዎቻችን በእግራችን ወጣን። ወልድያ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በህወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። እኔ ስወጣ የያዝኩት አንድ የልብስ ጥቅልና የደም ግፊት መድኃኒቴን ብቻ ነበር። ስመለስ የሠርጌ አልበም የለም። የልጆቼ የክትባት ካርድ የለም። ከጦርነቱ በፊት ያረፈው ባለቤቴ በወጣትነቱ የተነሳቸው ፎቶዎችም የሉም። ላፕቶፑ ላይ የነበሩት ከዚያ በኋላ ከአክስት፣ ከአጎት፣ ከውጭ አገር ዘመድ እየተለመኑ የተሰበሰቡት ናቸው። ሌላ ቦታ አልነበሩም።

ጊዜው አላለፈም ነበርና ልጄ በኢንተርኔት ገብታ ከክላውዱ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አወጣቻቸው። አንድም አልጎደለም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ በስልክ እየመራችኝ የላፕቶፑን ችግር ደረጃ በደረጃ ፈታነው። የሰረዝኳቸው ፎቶዎች ለመዘግየቱ ምክንያት እንዳልነበሩም ያኔ ገባኝ።

ሲንክ ምንድን ነው?

ልጆቻችን «ሲንክ» የሚሉት ማመሳሰልን ነው። በላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር አለ። የዚያው ፎልደር ግልባጭ በኢንተርኔት በኩል በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ «ክላውድ» የሚባለው እሱ ነው። ዋንድራይቭ፣ ጉግል ድራይቭ፣ አይክላውድ፣ ድሮፕቦክስ ሁሉም በዚህ መልክ ይሠራሉ።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ በካርቦን ወረቀት እንጽፍ ነበር። ላይኛው ላይ የጻፉት ታችኛውም ላይ ይወጣል። ሲንክም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የሰረዛችሁትንም ማስተላለፉ ነው። ከአንዱ ላይ ስትሰርዙ ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። ስለዚህ ሲንክ የሚደረግ ፎልደር በብዙ ቦታ የሚታይ አንድ ቅጂ እንጂ ብዙ ቅጂ አይደለም። እኔ ያላወቅሁት ይህንን ነበር።

ብትሳሳቱ መመለሻ ጊዜ አለ። በግል የዋንድራይቭ አካውንት የተሰረዘ ፋይል በኢንተርኔት ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በጉግል ድራይቭም እንዲሁ 30 ቀን ነው። ጉግል ፎቶስ ክላውድ ላይ የደረሰ ፎቶ ከሆነ 60 ቀን ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ ግን የለም።

ለምን ከአፕዴት በኋላ ይዘገያል?

ትኩሳት በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው ብለው ነው ያስተማሩን። የላፕቶፕ መዘግየትም ምልክት ነው። ምክንያቱን ሳያዩ «ቀንሱ፣ ፎርማት አድርጉ» ማለት ሳይመረምሩ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

ትልቅ አፕዴት ሲገባ ላፕቶፑ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ለፍለጋ የሚጠቀምበትን የፋይል ማውጫ እንደገና ያዘጋጃል። የቫይረስ መከላከያው ፋይሎችን ይፈትሻል። የሲንኩ ፕሮግራም ደግሞ በላፕቶፑ ያለውና በክላውዱ ያለው አንድ መሆኑን እየቆጠረ ያመሳክራል። ፋይሎቹ ብዙ ሺህ ከሆኑ ይህ ሰዓታት ይወስዳል። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከማመሳከር ይልቅ አሥር ሺህ ጥቃቅን ፎቶ ማመሳከር የበለጠ ያደክመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ዊንዶውስ በአዲስ መልክ ሲዘጋጅ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ እንዲገለበጡ መደረጋቸው ነው። ሰው ሳያስተውል «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በፊት በላፕቶፑ ብቻ የነበረው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምራል።

ሦስተኛው የላፕቶፑ ዕድሜ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃው መደበኛ ድጋፍ ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግሯል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይጠይቃል። «ቢያንስ» ማለት ግን «በምቾት» ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ካለው፣ ሲንኩና ፍተሻው አንድ ላይ ሲነሱ ዲስኩ ለሌላ ሥራ ፋታ አይኖረውም።

የኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ኢንተርኔት ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያ ቀን ከአፕዴት ጋር ከተገጣጠመ ላፕቶፑ አያድርስ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው

አንደኛ፣ ታገሱ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። ክዳኑን ከዘጋችሁት ይተኛልና ክፍት አድርጉት። ብዙ ጊዜ ጠዋት ድኖ ይገኛል። በየአሥር ደቂቃው እያጠፉ ማብራት ግን ሥራውን ያጓትተዋል።

ሁለተኛ፣ የደመናዋን ምልክት እዩ። በስተቀኝ ከታች፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ የደመና ቅርጽ ያላት ትንሽ ምልክት አለች። ካልታየቻችሁ እዚያው ያለችውን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ተጫኑ። ደመናዋ ላይ የሚዞሩ ቀስቶች ካሉ ሲንኩ ሥራ ላይ ነው። ቀይ ምልክት ካለ ችግር ገጥሞታል፤ ስትጫኗት ምን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ብዙ ጊዜ «ቦታው ሞልቷል» ወይም «እንደገና ግቡ» የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚያደክመው እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሚሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ዲስክ የሚለውን ስትጫኑ ብዙ የሚወስደው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተተክሎ የሲንኩ ፕሮግራም ከላይ ካለ፣ አገኛችሁት። ከላይ ያለው ሌላ ከሆነ ደግሞ ሲንኩን በከንቱ አትክሰሱ።

አራተኛ፣ ለጊዜው አቁሙት። ደመናዋን ተጭናችሁ በቅንብሩ ውስጥ «ፖዝ ሲንኪንግ» የሚለውን ምረጡ። ዋንድራይቭ ለ2፣ ለ8 ወይም ለ24 ሰዓት እንዲያርፍ ይፈቅዳል። ምንም ፋይል አይጠፋም። ላፕቶፑ ወዲያው ከቀለለ ምክንያቱ ሲንኩ ነው። እኔ ጋ የሆነው ይኸው ነው፤ ባቆምነው በደቂቃዎች ውስጥ ማራገቢያው ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስሰርዝ የዋልኩት አንድ ቁልፍ ባለመጫኔ ነበር።

አምስተኛ፣ ሸክሙን አስተካክሉ። ሲንኩ የሚሠራው ላፕቶፑን በማትፈልጉበት ሰዓት ይሁን፤ እኔ ማታ ከእራት በኋላ እለቀዋለሁ። የማያስፈልገውን ፎልደር ከሲንኩ ማውጣት ይቻላል፤ ፊልምና መዝሙር ወይም መንዙማ የሞላበት ፎልደር ክላውድ ላይ መውጣት የለበትም። ስታወጡ ግን ተጠንቀቁ። የፎልደር ግልበጣውን ስታጠፉ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ፋይሎቹ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ናቸውና አትደንግጡ፤ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ የሲንኩን ፕሮግራም ራሱን አፕዴት አድርጉ። ከዚያም ላፕቶፑን ከአካውንቱ አላቅቆ እንደገና ማገናኘት አለ፤ «አንሊንክ» ይሉታል። ማላቀቅ ፋይል አይሰርዝም፤ ወደ ላፕቶፑ የወረደው እዚያው ይቀራል፣ ያልወረደው ክላውዱ ላይ ይቆያል። ቢሆንም ይህን ከማድረጋችሁ በፊት በኢንተርኔት ገብታችሁ ፎቶዎቹ በትክክል እዚያ መሆናቸውን በዓይናችሁ እዩ።

ፎርማት የመጨረሻው ነው። ፎርማት እናድርግ የሚላችሁን ሰው በቅድሚያ «ፎቶዎቼን የት ገለበጥክልኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። የገለበጠበትን ክፍቶ ካላሳያችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

መርሳ ያለው ወንድሜ የገጠመው

የኔን ጉድ ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ የሚኖረው መርሳ ነው፤ ማንጎና ፓፓያ ከሚተክሉት አንዱ ነው። የልጅ ልጁ የሰጠችው ላፕቶፕ ላይ የፍራፍሬውን ሒሳብና የቤተሰቡን ፎቶ ይይዛል። ከሳምንታት በኋላ ግን ራሱ ደወለልኝ።

«አንቺ፣ የወር ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አለቀ። ማንም አልነካውም።»

«ጋሼ፣ ላፕቶፑን ከስልክህ ኢንተርኔት ጋር አገናኝተኸው ነበር?»

«አዎ፣ ዜና ላይ ብዬ። ከዚያ ሳልዘጋው ተኛሁ።»

ላፕቶፑ የስልኩን ኢንተርኔት እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው የሚያየው። አፕዴቱን እያወረደ፣ ፎቶውን እየጫነ አደረ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ኔትወርክ በሚለው ገብታችሁ፣ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ከፍታችሁ «ሚተርድ» የሚለውን አብሩ። በልክ የሚከፈልበት ኢንተርኔት ነው ማለታችሁ ነው። ያኔ አብዛኛው አፕዴት ይቆማል፤ ዋንድራይቭም በዚህ ዓይነት ኔትወርክ ላይ በራሱ እንዲያርፍ የሚያደርግ ምርጫ አለው።

ወንድሜ ጋ ሌላም ነገር ነበር። ዲስኩ ሲጠብበት አንድ ሰው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጭኖለት ሄዷል። ይህ ትእዛዝ ፎቶውን ከላፕቶፑ አውጥቶ ክላውዱ ላይ ብቻ ያስቀራል። ስሙ ላፕቶፑ ላይ ይታያል፤ ፎቶው ግን እዚያ የለም። ኢንተርኔት ሳይኖር ሊከፍተው ሲል እምቢ አለው፣ ጠፋ ብሎም ደነገጠ። አለመጥፋቱን የምታውቁት በምልክቱ ነው። ፋይሉ አጠገብ ሰማያዊ ደመና ካለ ክላውዱ ላይ ብቻ ነው። አረንጓዴ ራይት ካለ ላፕቶፑ ላይም አለ።

ቦታ ለማስለቀቅ ይህ ከመሰረዝ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን እኛ ኢንተርኔት ሁልጊዜ የምናገኝ ሰዎች አይደለንም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ የማታጡትን ፎልደር በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ሁልጊዜ እዚህ መሣሪያ ላይ ይቆይ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። ሌላው ክላውድ ላይ ቢያድር ግድ የለም።

ክላውዱም ይሞላል

በነፃ የሚሰጠው ቦታ ልክ አለው። ዋንድራይቭና አይክላውድ 5 ጊጋባይት፣ ጉግል 15 ጊጋባይት ይሰጣሉ። የጉግሉ 15 ደግሞ ለኢሜይል፣ ለፎቶና ለፋይል የጋራ ነው። የስልክ ቪዲዮ በደቂቃ መቶ ሜጋባይት አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ አንድ ሠርግ የተቀረጸበት ቪዲዮ ብቻውን 5 ጊጋባይቱን ይጨርሰዋል። ሲሞላ አዲስ ፎቶ መቀበል ያቆማል። እናንተ ግን እየተላከ ይመስላችኋል። በየወሩ አንዴ ምን ያህል ቦታ እንደቀረ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ሌላው አካውንቱ የማን ነው የሚለው ነው። ልጆቻችን በራሳቸው ኢሜይል ከፍተውልን ይሄዳሉ፤ የይለፍ ቃሉ እነሱ ጋ ነው፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ከዓመታት በፊት በተጣለ ስልክ ቁጥር ነው። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ፣ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ አውሏል። ልጃችሁ በሚቀጥለው ሲመጣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። መመለሻው ስልክ ቁጥርም አሁን የምትይዙት ይሁን።

ከአፕዴት በፊት

አፕዴት መከልከል መፍትሔ አይደለም። ቫይረስ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው፤ እንደ ክትባት ቁጠሩት። ክትባት ስንሰጥ ግን ሕፃኑን አስቀድመን እናያለን። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ ፋይል ሰርዞ ስለተገኘ ድርጅቱ በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞ፣ አስተካክሎ በኅዳር ነው እንደገና ያወጣው። የደረሰባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ሌላ ቅጂ ያልነበረው ሰው ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ከሆነ ብዛቱ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ልጄና እኔ አንድ ሕግ አወጣን። የማይተካ ፎቶ በሦስት ቦታ ይኑር። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ክላውዱ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱም ጋር በማይገናኝ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ። ሦስተኛው ሲገለበጥበት ብቻ ይሰካል፤ ከዚያ ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጣል። የኔ መርሳ ወንድሜ ጋ ነው፤ የሱ ደግሞ እኔ ጋ። በየሦስት ወሩ ስንጠያየቅ እንለዋወጣለን። ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለዓመታት ማቆያ አይታመንም።

አሁን ላፕቶፔ እንደ ልጆቹ አዲስ ላፕቶፕ አይፈጥንም፤ እኔም ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። አፕዴት ሲመጣ አስቀድሜ ሀርድ ዲስኩን አስመጥቼ እገለብጣለሁ፣ ሲንኩን አቆማለሁ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ እተኛለሁ። ጠዋት ይዘገይ ከሆነ ቡናዬን እጠጣለሁ። አልሰርዝም።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ የባለቤቴን ፎቶ አየና «ይሄ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአያቱን ስም ነገርኩት። ፎቶው እዚያው ስለነበረ ነው ለመጠየቅ የበቃው።